ከናዳ ሥር የነፈሰው ነፋስ፦ የሌቹጊያ ዋሻ አከፋፈት ታሪክ

ነፋስ ከተራራ አናት ወይም ከባሕር ዳር ቢነፍስ የሚደነቅ ሰው የለም። ከምድር ሆድ ውስጥ፣ ያውም በድንጋይ ክምር ከተደፈነ ጉድጓድ ወለል እያጓራ ሲወጣ ግን የሰማው ሁሉ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ በጓዳሉፔ ተራሮች መካከል በሚገኝ አንድ ጉድጓድ እንዲህ ያለ ነፋስ ለብዙ ዓመታት ሲሰማ ኖሯል። የሰሙት ብዙዎች ነበሩ፤ ምክንያቱን መርምረው፣ የቦታውን ጠባቂዎች አስፈቅደው፣ አካፋና ባልዲ ይዘው የወረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የእነዚህ ጥቂቶች ድካም በ1986 ፍሬ አፈራ። እስከዚያ ድረስ 122 ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ ያለው መስሎ ይታይ የነበረው ዋሻ ዛሬ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ክፍሉ ተቀይሶ በካርታ ላይ ሰፍሯል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሌቹጊያ ዋሻ ታሪክ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የተዘጋውን የመክፈት ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የተከፈተውን የመጠበቅ ታሪክ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተወርቷል። ጉድጓድ መቆፈር የዕለት ተግባሩ ለሆነ ባለሙያ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል።

የመከራው ጉድጓድ

ጓዳሉፔ ተራሮች በረሓማ ናቸው። ዝናብ ጥቂት፣ አፈሩ ስስ፣ ዕፀዋቱ እሾኻማ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው ሌቹጊያ ከሚባለው ሸለቆ ሲሆን፣ ሸለቆውም የተሰየመው በዚያ አገር በብዛት በሚበቅለው፣ የቃጫ ወገን በሆነው ሹል ቅጠል ተክል ነው። ቦታው በካርልስባድ ዋሻዎች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይገኛል። ፓርኩ በ1923 ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተከለለ፤ በ1930 ደግሞ ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ከፍ አለ። ጎብኚዎችን ይስብ የነበረው ትልቁ የካርልስባድ ዋሻ ነበር። ሌቹጊያ ግን ከመንገድ ርቆ በዳር የሚገኝ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጉድጓድ ነበር።

የጉድጓዱ መግቢያ 27 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሲሆን፣ «የመከራ ጉድጓድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጥቶለታል። በ1914 በዚህ ቦታ ላይ የማዕድን ይዞታ ተመዝግቦ ነበር። የተፈለገውም የሌሊት ወፍ ኩስ ነው፤ ኩሱ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ ለማዳበሪያነት ይሸጥ ነበርና። ሆኖም ከመግቢያው አካባቢ የተገኘው ጥቂት ስለነበረ ሥራው ከአንድ ዓመት ያህል በላይ አልዘለቀም። ቆፋሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ጉድጓዱ ተረሳ። ወደ ታች የወረደ ሰው የሚያገኘው ደረቅና አጭር፣ ወዲያው የሚያበቃ መተላለፊያ ሲሆን፣ ወለሉም ከላይ በተናደ ድንጋይና አፈር የተሞላ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት ግን ወደዚያ የወረዱ ዋሻ መርማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከናዳው ድንጋዮች መካከል ነፋስ እየጮኸ ይወጣ ነበር። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ እንኳ በማይታይበት ቦታ ይህን ያህል አየር ከወዴት መጣ?

የነፋሱ ምስክርነት

ዋሻ የሚተነፍስበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንዱ ከፍተኛና ዝቅተኛ አፍ ባለው ዋሻ የሚታየው ነው። በውስጡ ያለው አየር ከውጪው ሲሞቅ በላይኛው አፍ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ በታችኛው ይወርዳል። እንዲህ ያለው ነፋስ በትንሽ ዋሻም ሊገኝ ስለሚችል ስለ ዋሻው ስፋት ብዙ አይናገርም።

ሁለተኛው ዓይነት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ጠባብ በር ብቻ ያለው ሰፊ አዳራሽ በምድር ውስጥ አለ እንበል። በውጪ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ በአዳራሹ የታመቀው አየር በበሩ ይወጣል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ የውጪው አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አዳራሹ ትንሽ ከሆነ ግፊቱ ወዲያው ስለሚስተካከል ነፋሱ አይታወቅም። አዳራሹ ግዙፍ፣ በሩም ጠባብ ከሆነ ግን ብዙ አየር በጥቂት ቀዳዳ ለማለፍ ስለሚታገል ነፋሱ ለሰዓታት በኀይል ይነፍሳል። ስለዚህ ነፋሱ በባሮሜትር ንባብ መውጣትና መውረድ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ እንደሆነ፣ ከበሩ ወዲያ ብዙ ባዶ ስፍራ እንዳለ አስተማማኝ ምስክር ይሆናል።

ይህ ምስክርነት ቀደም ሲል በሌላ ስፍራ ተፈትኗል። በሳውዝ ዳኮታ ግዛት የሚገኘውና «የነፋስ ዋሻ» ተብሎ የሚጠራው ስፍራ በላኮታ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀና የተቀደሰ ነው። ሰፋሪዎቹ ያወቁት ግን በ1881 ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ትንሽ ቀዳዳ የሚወጣውን የነፋስ ጩኸት በሰሙ ጊዜ ነው። በዚያው አገር ጁወል የሚባል ሌላ ዋሻ አለ። ከ1959 ጀምሮ ከባለቤቱ ጋር ጁወልን ሲመረምር የኖረው ኸርብ ኮን በ1966 ባወጣው ጽሑፍ የሁለቱን ዋሻዎች ነፋስ ከባሮሜትር ንባብ ጋር አነጻጸረ። ከምሽጉ በኩል የሚያልፈው አየር ብዛት ሲሰላ፣ የታወቁት መተላለፊያዎች ከጠቅላላው ባዶ ስፍራ ጥቂቱን ብቻ እንደሚይዙ ታየ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍለጋም ጁወል ብቻውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት እንዳለው ተረጋግጧል።

ይህ ዕውቀት ለሌቹጊያ ጉዳይ ቁልፍ ነበር። 122 ሜትር የማይሞላ ደረቅ መተላለፊያ እንደዚያ ያለ ነፋስ ሊያወጣ አይችልም። ነፋሱ ከሚታየው ክፍል ሳይሆን ከማይታየው ነበር የሚመጣው።

ቁፋሮው

ነፋሱ ከታወቀ በኋላ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አለፉ። ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት ቦታው የተከለለ ፓርክ መሆኑ ነው። በተከለለ ቦታ ድንጋይ ማንሣት እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። የፓርኩ ኀላፊዎች የተፈጥሮን ቅርስ እንደነበረ የማቆየት ግዴታ ስላለባቸው፣ ውጤቱ ለማይታወቅ ቁፋሮ በቀላሉ እሺ ማለት አይችሉም ነበር። በመጨረሻ ከኮሎራዶ ግዛት የመጡ የዋሻ መርማሪዎች ፈቃድ አግኝተው በ1984 ቁፋሮ ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው አልነበሩም። የዕረፍት ጊዜያቸውን ሠውተው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ፈቃደኞች ነበሩ።

በእጅ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ባሕርይ በከፊል ያውቀዋል። አንዱ ከሥር ይቆፍራል፤ ሌላው ባልዲውን ይቀበላል፤ ሦስተኛው በገመድ ይስባል። አንድ ሜትር ኩብ ፍርስራሽ ዐሥር ሊትር በሚይዝ ባልዲ ለማውጣት መቶ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ናዳ መቆፈር የውሃ ጉድጓድ ከመቆፈር በሁለት ነገር ይለያል። የመጀመሪያው አደጋው ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ በአብዛኛው ራሱን የሚችል ግድግዳ አለው። በናዳ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ሌላውን ደግፎ ስለሚቆም፣ ከሥር የተነሣ አንድ ድንጋይ ከላይ ያለውን ብዙ ድንጋይ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቁፋሮ የመውረጃው ዙሪያ በእንጨት፣ በብረት ወይም በኮንክሪት መደገፍ አለበት። የወጣውም ፍርስራሽ ተመልሶ በማይወርድበት ስፍራ ይከመራል።

ሁለተኛው ልዩነት መሪው ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚከተለው የአፈሩን እርጥበት ነው፤ ናዳ የሚቆፍር ዋሻ መርማሪ የሚከተለው አየሩን ነው። ነፋሱ የሚያልፍበትን ስንጥቅ በጥንቃቄ ያሰፋል። ያንን ስንጥቅ ሳያውቅ በአፈር ቢደፍነው መንገዱን ያጣል። ዋሻው ወደ ውጪ በሚተነፍስበት ጊዜ ከተቆፈረው ስፍራ የሚነሣው አቧራ በቆፋሪው ፊት ላይ ይመለሳል፤ ዐይኑን ያጨልመዋል፣ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። የሚያስቸግረው ነገርና ተስፋ የሚሰጠው ነገር አንድ ነበር ማለት ነው።

ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1986፣ ግንቦት ወር መጨረሻ ላይ፣ ቆፋሪዎቹ የናዳውን ወለል አልፈው ሰው ቆሞ ወደሚሄድባቸው ሰፊ መተላለፊያዎች ገቡ። በተለምዶ የሚጠቀሰው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 26 ነው።

ከናዳው ወዲያ

ከናዳው ሥር የተገኘው ነገር ከተጠበቀው በላይ ነበር። መተላለፊያዎቹ እየተከፋፈሉ በሦስት አቅጣጫ ረዝመው ተገኙ። ጥልቀቱ ሲለካ ከመግቢያው 489 ሜትር ወረደ። የውስጡ ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው። ወደ ሩቅ ክፍሎች የሚሄዱ ቡድኖች ምግባቸውንና መኝታቸውን ተሸክመው ለሳምንት ያህል ብርሃን ሳያዩ ይቆያሉ።

መርማሪዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዙት አንድ ደንብ ነበር፤ ይኸውም ወደ አዲስ ስፍራ የገባ ሁሉ እየቀየሰ እንዲገባ ነው። አዲስ መተላለፊያ አግኝቶ ሳይለኩ መሮጥ ለአንድ ቀን ደስታ ይሰጥ ይሆናል፤ ለኋለኛው ሰው ግን የሚተርፈው የእግር ዱካ ብቻ ነው። ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የዛሬው ካርታ የተሠራው በዚህ ደንብ መሠረት ነው። ፍለጋውም አላበቃም። በ2012 አንድ ቡድን ከ120 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ቀጥ ያለ ስፍራ ወደ ላይ ወጥቶ ከዚያ በፊት ማንም ያልረገጣቸውን ክፍሎች አግኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሥነ ምድር ባለሙያዎችን ያስደነቀው የዋሻው አፈጣጠር ነው። ብዙውን ጊዜ ዋሻ የሚፈጠረው ከላይ በሚወርድ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የዌብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ በአንድ ወገን ይገባል፤ በሌላ ወገን ይወጣል። በ1972 በተደረገው ቅየሳም 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ ተመዝግቧል። በሶፍ ዑመር ሠሪው ዛሬም በቦታው አለ፤ ሥራውንም እየሠራ ይታያል።

በሌቹጊያ ግን ወንዝ የለም፤ ወንዝ ያለፈበትም ምልክት የለም። እዚያ አሲዱ የመጣው ከታች ነው። ጓዳሉፔ ተራሮች በጥንት ባሕር ዳር በባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተገነባ፣ ዕድሜው 260 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ አለት ናቸው። በአጠገባቸው ነዳጅ ዘይትና ጋዝ የያዘ ሰፊ ዝቅተኛ ምድር አለ። ከዚያ የተነሣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በከርሰ ምድር ውሃ ወለል አካባቢ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ሆነ። ይህ ብርቱ አሲድ የኖራውን ድንጋይ አሟሟው፤ በምትኩም ጂፕስም ተወ። ዛሬ በሌቹጊያ አዳራሾች ጣራ ላይ እንደ ፋኖስ መስቀያ ተንጠልጥለው የሚታዩት፣ እስከ 6 ሜትር የሚረዝሙት ነጫጭ የጂፕስም ዘለላዎች የዚያ ታሪክ ትሩፋት ናቸው።

ይህን ሐሳብ ስቲፈን ኤገማየር የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ በኋላም ካሮል ሂልና ሌሎች የሥነ ምድር ሊቃውንት አስፋፍተውት ነበር። በ1998 ቪክቶር ፖሊያክና ባልደረቦቹ የዘመኑን ልክ አገኙለት። ሰልፈሪክ አሲድ ሸክላ አፈርን ሲነካ አሉናይት የሚባል ማዕድን ይፈጠራል። በውስጡ ያለው ፖታሲየም በጊዜ ብዛት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የማዕድኑን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። በዚህ ዘዴ የጓዳሉፔ ዋሻዎች ከ12 ሚሊዮን እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደ ተፈጠሩ ታወቀ። በከፍታ ያሉት ያረጁ፣ ዝቅ ያሉት ደግሞ ከእነርሱ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ተራራው ከፍ ሲል የውሃው ወለል ወደ ታች እየወረደ የአሲዱን ሥራ ይዞ ሄዷልና።

የከፈተ ይጠብቃል

ከናዳው ወዲያ የተገኘው ሀብት ባደነቃቸው ልክ አሳሰባቸው። ለሚሊዮኖች ዓመታት ሰው ያልገባበት ስፍራ አንድ ሰው በገባበት ቅጽበት ይለወጣል። ጫማው ከውጪ አፈር ይዞ ይገባል፤ ከቆዳው፣ ከጸጉሩና ከልብሱ የሚረግፈው ብናኝ ለማያውቀው ዓለም ምግብ ይሆናል። ቁፋሮው ራሱ የዋሻውን አተነፋፈስ ይለውጣል። በጠባብ ስንጥቅ ያልፍ የነበረው አየር በሰፊ ቀዳዳ ሲያልፍ ውስጡን ሊያደርቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት በመግቢያው መውረጃ ላይ ናዳውን የሚያግድ የብረት ቧንቧና አየሩን የሚይዝ መዝጊያ ተተከለ። ለመክፈት ዓመታት የፈጀው ስፍራ በሌላ መልክ እንደገና ተዘጋ።

ሌሎችም ደንቦች ተከተሉ። ዋሻው ለጎብኚ አልተከፈተም። የሚገቡት ፈቃድ ያገኙ የምርምር፣ የቅየሳና የፍለጋ ቡድኖች ብቻ ናቸው። የእግር መንገዱ በቀለማዊ ጥብጣብ ተከልሏል፤ ከዚያ ወጥቶ መርገጥ ክልክል ነው። ለሳምንት የሚቆዩ ሰዎች ዓይነ ምድራቸውን ሳይቀር ጠቅልለው ተሸክመው ይወጣሉ። በሥራው ክብደት ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይም አለ። በ1991 አንዲት ልምድ ያላት መርማሪ ከመግቢያው እጅግ በራቀ ስፍራ በወደቀ ድንጋይ እግሯ ተሰበረ። በጠባቡ፣ በገደሉና በአዳራሹ እየተሸከሙ እርሷን ወደ ብርሃን ለማውጣት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተሰልፈው አራት ቀን ያህል ፈጀባቸው።

አደጋው ከውስጥ ብቻ አልመጣም። ዋሻውን የፈጠረው ጋዝ የወጣበት ምድር ዛሬም ነዳጅ ይፈለግበታል። ከፓርኩ በስተሰሜን ጋዝ ለመቆፈር ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ መሰርሰሪያው ያልታወቀ መተላለፊያ ቢበሳ መርዘኛና ተቀጣጣይ ጋዝ ወደ ዋሻው ሊገባ እንደሚችል ባለሙያዎች አስጠነቀቁ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1993 ስለ ሌቹጊያ ዋሻ ጥበቃ ልዩ ሕግ አወጣ፤ በአካባቢው ያለ መሬትም ከአዲስ የማዕድንና የነዳጅ ኪራይ ውጪ እንዲሆን ተደረገ። ፓርኩ በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ጥቅም እንዳለው የታየው በኋላ ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ ከደረሱበት የሌቹጊያ ክፍል የተገኙ 93 የባክቴሪያ ዓይነቶችን መረመረ። ያ ስፍራ ከምድር ገጽ ከ4 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ተለይቶ የኖረ ነው። ሆኖም ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ ሐኪሞች የሚያዝዟቸውን 14 ዓይነት አንቲባዮቲኮች የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የተነሣ፣ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ሰው መድኃኒት ከመፍጠሩ አስቀድሞ በተፈጥሮ ውስጥ የነበረ መሆኑ ጠንካራ ማስረጃ አገኘ። ይህ ማስረጃ ዋጋ ያለው ስፍራው ንጹሕ ሆኖ ስለቆየ ነው። ብዙ ሰው ረግጦት ቢሆን ኖሮ፣ «ይህ ባክቴሪያ ከጎብኚው ጫማ የመጣ ነው» ለሚል ተከራካሪ መልስ አይገኝም ነበር።

በዚያው በ1986 ዓመት በሩማንያ፣ በጥቁር ባሕር አጠገብ በምትገኘው ማንጋሊያ ከተማ አካባቢ፣ ለኀይል ማመንጫ ግንባታ መሬት ለመፈተሽ የተቆፈረ ጉድጓድ ሞቪሌ የተባለውን ዋሻ ገልጧል። እዚያም አየሩ ኦክስጅን ያነሰውና በሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበከለ ሲሆን፣ ከፀሐይ ብርሃን ተለይተው የሚኖሩ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ ትንንሽ ፍጥረታት ተገኝተዋል። በሌቹጊያ ቆፋሪዎቹ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር፤ በሞቪሌ ግን ያልፈለጉትን አገኙ። ሁለቱም ስፍራዎች ከተከፈቱ በኋላ ለጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ የሚፈቀዱ ሆኑ።

የሌቹጊያን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚመለከት ሰው፣ በ1950ዎቹና በ1984 መካከል ያለፈው ጊዜ የባከነ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ዋሻው የሰልፈሪክ አሲድ አፈጣጠር ባልታወቀበት፣ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ጥበቃ ባልታሰበበት ዘመን ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጂፕስሙ ዘለላ ለማስታወሻ እየተሰበረ፣ ንጹሑ ኩሬ የመታጠቢያ ውሃ እየሆነ ይቀር ይሆናል፤ በሌሎች ዋሻዎች የደረሰው ይኸው ነውና። ፈቃድ መጠየቅ ያስከተለው መዘግየት ለዋሻው ጠቅሟል። በሁለት ዓመት ቁፋሮ ትዕግሥትን የተማሩት ሰዎችም ከሰፊው አዳራሽ ደርሰው ሜትራቸውንና ማስታወሻቸውን አውጥተው መለካት ጀመሩ።

ዛሬ በሌቹጊያ የሚሠራ ቡድን ወደፊት የሚያስኬድ መተላለፊያ በዐይኑ እያየ፣ በመካከሉ ያለውን ንጹሕ ውሃ ላለማደፍረስ ሲል የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ አያውቅም። ነፋሱ ግን አሁንም ይነፍሳል፤ የባሮሜትሩ ንባብ በወረደ ቁጥር ዋሻው ይተነፍሳል። የተቀየሰው ክፍል የዋሻው መጨረሻ እንዳልሆነ የሚያስታውሰው ያ ነፋስ ነው። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ በየትኛው ጊዜና በምን ዓይነት ጥንቃቄ መክፈት እንደሚገባ ግን ነፋሱ አይናገርም፤ ያንን መወሰን የባለሙያው ፈንታ ነው።